ይዞት ያልመጣውን ሕመም ይዞ እንዳይመለስ

(በወልድያ ለሆስፒታል የተግባር ልምምድ ለተዘጋጁ የነርስ ተማሪዎች፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች በተገኙበት የቀረበ ንግግር)



በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ወደ ሕሙማን ክፍል ትገባላችሁ። እስከ ዛሬ መርፌ መውጋት የተለማመዳችሁት በፕላስቲክ ክንድ ላይ ነበር፤ የተሳሳታችሁትም ተመልሶ ይታረም ነበር። ከእንግዲህ በእጃችሁ የሚገባው የሰው ገላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ይኸውም ሕመምተኛው ይዞት የመጣውን ሕመም ለማስታገሥ ከመድከማችን በፊት፣ ይዞት ያልመጣውን ሕመም ይዞ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ይገባናል የሚል ነው።

አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ከተማሪዎች ጋር አብረው የተጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ሕመምተኛ ብቻውን ሆስፒታል አይተኛም። አስታማሚ አብሮት ያድራል፣ ጎረቤት ምግብ ያመላልሳል፣ የንስሓ አባት መጥቶ ይጠይቀዋል። ስለሆነም የሕመምተኛው ደኅንነት በነርስ ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን፣ አልጋውን የሚከብቡት ሁሉ የሚካፈሉት ኀላፊነት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች አንዲት ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ አስቡ። እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ይሸከሟታል፤ ከዚያ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ያደርሷታል። ለመጓጓዣ የተከፈለው ገንዘብ ምናልባት የበግ ወይም የጤፍ ሽያጭ ነው። ይህች እናት በሰላም ተገላግላ ብትመለስ፣ በቀጣዩ ዓመት ከዚያው መንደር ሌሎች እናቶች ይከተሏታል። በእኛ እጅ ቸልተኝነት ቁስሏ አመርቅዞ ብትመለስ ግን ወሬው ከእርሷ ቀድሞ መንደር ይገባል፤ ሌላዋም እናት ቤቷ መውለድን ትመርጣለች። በሕሙማን ክፍል የሚፈጸም ስሕተት በዚያው ክፍል ብቻ የማይቀረው ስለዚህ ነው።

ወልድያ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ በወደቀችባቸው ወራት፣ ሆስፒታሏ በአካባቢው እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ የጤና ተቋማት ሁሉ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። መድኃኒቱ የተቋረጠበት የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ፣ የምትወልድበት ያጣች እናት ያን ጊዜ አይረሱትም። አልጋና መሣሪያ በበጀትም በወገን ርዳታም ይተካል። ሕዝቡ በሆስፒታሉ ላይ የሚኖረው እምነት ግን በየዕለቱ አልጋ አጠገብ በሚሠራ ሥራ ብቻ የሚገኝ ነው። ያን እምነት ከነባሮቹ ባለሙያዎች ጋር የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጸው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለድንገተኛና ለአጭር ጊዜ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ከዚያው ከሆስፒታሉ ይይዛቸዋል። በበለጸጉት አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። ልዩነቱ ሁሉ በገንዘብ የመጣ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ብዙዎቹ ነገሮች ሳሙናና ልማድ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

እጅ

በ1847 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ከተማ ታላቅ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። ተማሪዎች በሚሠሩበት ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ ይበዙ ስለ ነበር፣ እናቶች ወደዚያ ክፍል እንዳይመደቡ ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን ደረሰበት። ተማሪዎቹ ሬሳ ከመረመሩበት ክፍል ወጥተው እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወላዶችን ይመረምሩ ነበር። እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1846 በዚያ ክፍል ከ100 እናቶች ከ11 በላይ ይሞቱ የነበረው፣ በ1848 ከ2 በታች ሆነ።

ይህን ታሪክ የመረጥሁት ስለ ተማሪዎች የሚናገር በመሆኑ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለመማር የሚተጉ ነበሩ። ሞትን በእጃቸው ይዘው ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዱ እንደ ነበር ግን አላወቁም። እናንተ ዐውቃችኋል።

እጅ የሚጸዳባቸው ጊዜያት 5 ናቸው። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፤ መርፌን ወይም የቁስል እጥበትን የመሰለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካችሁ በኋላ፤ ሕመምተኛውን ከነካችሁ በኋላ፤ አልጋውን፣ አንሶላውን ወይም በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካችሁ በኋላ። በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በእጅ ማጽጃ አልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይወስዳል። እጅ በዐይን ሲታይ ቆሻሻ ከሆነ ወይም ደም ከነካው አልኮሉ አይበቃም፤ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ግድ ነው። ቀለበት፣ አምባርና የረዘመ ጥፍር በሥራ ሰዓት አይፈቀዱም።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። አንድ ጓንት አጥልቆ ሦስት አልጋ የሚዞር ነርስ ራሱን የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ ሕሙማኑን እርስ በርሳቸው እያስተላለፈባቸው ነው። ደም ወለሉ ላይ ሲፈስ 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር በጥብጡ፤ ብጥብጡም በየቀኑ በአዲስ ይዘጋጅ።

መርፌ

በልምምድ ወቅት ተማሪን ከሚያሰጉት አደጋዎች ቀዳሚው በተጠቀሙበት መርፌ መወጋት ነው። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት የጉበት በሽታ «ቢ» ክትባታችሁን ጀምሩ፤ ክትባቱ 3 ጊዜ የሚሰጥ ነው። ከዚህ ቫይረስ ተሸካሚ ደም የነካ መርፌ ያልተከተበ ሰው ቢወጋ፣ ከ100 እስከ 30 በሚደርሱ አጋጣሚዎች በሽታው ሊተላለፍ ይችላል። ኤች አይ ቪ ግን በዚህ መንገድ የሚተላለፈው ከ1000 በ3 ገደማ ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን እንዘነጋዋለን።

የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ። ፍራሽ ላይ አትሰኩ፤ ትሪ ላይ አትተዉ። እዚያው ከአልጋው አጠገብ ወዳለው ሴፍቲ ቦክስ ጣሉት። ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል እንጂ በእጅ ተጠቅጥቆ አይጨመርበትም። ደም የነካ ጥጥና ፋሻ ቢጫው ባልዲ ውስጥ፣ ወረቀትና የምግብ ትራፊ ጥቁሩ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ነርስ ያላግባብ የጣለው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጋው ነርሱን አይደለም፤ በማግሥቱ ጠዋት ቆሻሻውን የምታነሣውን የጽዳት ሠራተኛ ነው። እርሷም የልጆች እናት ናት።

ድንገት ብትወጉ ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ አትጭመቁት፤ ወዲያውም ለተረኛው ኀላፊ ንገሩ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ተማሪ ቁጣን ፈርቶ መወጋቱን ከደበቀ ያ 72 ሰዓት ያልፈዋል። መምህራንና የክፍል ኀላፊዎች ሆይ፣ ተማሪው ተወግቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ተግሣጽ አይሁን።

ስም

በወሎ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰይድ መሐመድ ቢተኙ ማንም አይደነቅም። አንዱ ለሳንባ ምች፣ ሌላው ለልብ ሕመም የተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ስምን ከነአባትና ከነአያት፣ ከዚያም የካርድ ቁጥርን ማመሳከር ያስፈልጋል። አጠያየቁም ጥበብ አለው። «ሰይድ ነዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጆሯቸው የደከመ አባት ወይም ባለሙያ ማስቸገር የማይወዱ ሽማግሌ «አዎ ልጄ» ይላሉ። «አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ብትሉ ግን እውነቱን ታገኛላችሁ።

ከስሙ ቀጥሎ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ይረጋገጣል። በዚህ አካባቢ አንድ ጥያቄ ልጨምርላችሁ፤ «ጾም ይዘዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ ጎን ለጎን የተኙ ክርስቲያንና ሙስሊም ሕሙማን ለባለሙያ ሳይናገሩ ሊጾሙ ይችላሉ። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢውል የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። የሰጣችሁትን መድኃኒት እዚያው መዝግቡ። በርክክብ ጊዜ ተረኛው የሚያውቀው የተጻፈውንና የተነገረውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ክብር

ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ሕዝባችን «ዶክተር» ይላል። ስሙ ደስ ቢልም አትቀበሉት። «ዶክተር አይደለሁም፤ የነርስ ተማሪ ነኝ፤ መምህሬ አጠገቤ ናቸው፤ ደምዎን ብቀዳ ይፈቅዱልኛል?» በሉ። ሕመምተኛው እንቢ የማለት መብት አለው፤ እንቢ ማለቱም ሕክምናውን ሊያጎድልበት አይገባም።

ሰውን «አልጋ ሰባት» ብላችሁ አትጥሩ። በቤቱ «እርስዎ» የሚባለውን አባት በአልጋ ላይ ስለ ተኛ «አንተ» አትበሉት። ገላ ስታጥቡ መጋረጃ ጋርዱ። ከአፋር የመጣ አማርኛ የማይሰማ ሕመምተኛ ሲገጥማችሁ ዐዋቂ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ ስለ እናቱ ማሕፀን ሕመም ትንሽ ልጅ እንዲተረጉም አታድርጉ። ወልድያም መርሳም ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። በክፍል ውስጥ ያያችሁት ሰው በገበያ ቀን ሊያገኛችሁ ይችላል፤ ምስጢሩ በእናንተ አፍ እንዳይወጣ፣ ምስሉም በስልካችሁ እንዳይነሣ ተጠንቀቁ።

የጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የሽግግር ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ያደረገው፣ ሕዝቡ ከመድኃኒት እጥረት ባላነሰ በአቀባበል ጉድለት ስለሚያዝን ነው። የነርስነት ሥራ ዝቅ ያለ ሥራ ነው ብሎ የሚያፍር ቢኖር ልዕልት ፀሐይን ያስታውስ። በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1939 (እ.ኤ.አ.) ተመረቁ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በነቀምቴ ዐረፉ፤ በአዲስ አበባም በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕፃን ቁስል ለማጠብ ተምረዋል።

ራሱን ችሎ መገላበጥ የማይችለውን ሕመምተኛ ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት። ጀርባው ላይ የሚወጣው ቁስል ከቤቱ ይዞት የመጣው አይደለም፤ እኛ ጋ ሲቆይ የሚወጣ ነው።

መናገር

እስካሁን ከተናገርሁት ሁሉ ለተማሪ የሚከብደው ይህ ነው። ታላቅ በሚከበርበት አገር ተወልደን አድገን፣ ታላቁ ሲዘነጋ ማስታወስ ድፍረት ይመስለናል። ነገር ግን አባቶች እንደምታውቁት ቅዳሴ በአንድ ሰው አይከናወንም፤ ቢያንስ 5 አገልጋዮች ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲዘነጋ ሌላው ቀስ ብሎ ያስታውሰዋል፤ ያስታወሰው ዲያቆን ቄሱን አዋረደ አይባልም፤ አገልግሎቱ እንዳይጓደል ጠበቀ እንጂ። በአብነት ትምህርት ቤትም ደቀ መዝሙሩ ንባቡ እስኪቃና ድረስ መድገሙ ነውር አይደለም።

በሕሙማን ክፍልም እንዲሁ ነው። «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ መድኃኒቱን ከመስጠታችን በፊት ካርዱን አንድ ጊዜ አብረን እንየው» ማለት ትሕትናም ጥንቃቄም ነው። ያልተማራችሁትን ሥራ ስትታዘዙ «ይህን ገና አልተማርሁም፤ ያሳዩኝ» በሉ። የሕመምተኛው አተነፋፈስ ሲለወጥ፣ የደም ግፊቱ ሲወርድ፣ ወላዷ ደም ሲፈስሳት፣ ርግጠኛ ካልሆናችሁም እንኳ ጥሩ፤ በከንቱ የተጠራ ሐኪም የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ነባር ባለሙያዎችም ተማሪ ሲጠይቅ አትቆጡ፤ ዛሬ የተቆጣችሁት ተማሪ ነገ እውነተኛ አደጋ ሲያይ ዝም ይላልና።

ለአባቶችና ለሰበካ ጉባኤያት

አሁን ቃሌን ወደ እናንተ እመልሳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በምትናገሩት ጥቂት ቃል እኛ በዓመት የማናስተምረውን ልታስተምሩ ትችላላችሁ።

አንደኛ፤ ጠያቂ ሲበዛ ሕመምተኛው ይደክማል፤ በሽታም ከክፍሉ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ክፍሉ ይመላለሳል። አስታማሚ አንድ ይሁን፤ ጠያቂም በተፈቀደው ሰዓት ይግባ፤ ሲገባም ሲወጣም እጁን ይታጠብ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የእጅ መታጠቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ይጠቅማል። ካህንም ሕሙማንን ሲያሳልም ከአልጋ ወደ አልጋ ከመሻገሩ በፊት እጁንና መስቀሉን ቢያጸዳ ለሕመምተኛው ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛ፤ ኦክስጅን በሚሰጥበት አልጋ አጠገብ ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣን ወይም ክብሪት አይለኮስ። ኦክስጅን ራሱ ባይነድም እሳትን በቅጽበት ያፋፍማል። ጸሎቱ ያለ ጧፍ ይድረስ።

ሦስተኛ፤ ጸበል ለሕመምተኛው ከማጠጣታችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ። ለቀዶ ሕክምና ምግብና መጠጥ የተከለከለ ሰው ወይም ራሱን የሳተ ሰው የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ መርጨት ወይም ግንባሩን መቀባት ይበቃል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመደበኛው 6 ወር ይወሰዳል፤ ሕመምተኛው በጥቂት ሳምንታት ደኅና ሆንሁ ብሎ ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ይመለሳል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ይህ ቃል በየአጥቢያው ይነገር። ለሕመምተኛ ጾም የሚገባውን ፈቃድ የንስሓ አባት ራሱ ቢነግረው ከነርስ ምክር ይልቅ ይሰማል።

አራተኛ፤ ሰበካ ጉባኤ ከሆስፒታሉ ኀላፊዎች ጋር ተነጋግሮ በጎደለው ነገር ይርዳ። ሳሙና፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ውኃ ሲቋረጥ የሚያገለግል በርሜል፣ ደም የሚለግሱ ወጣቶች፣ ጠያቂ የሌለውን ሕመምተኛ የሚያስታምም የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፤ ከእነዚህ የትኛውም ትልቅ ካዝና አይፈልግም።

ውድ ተማሪዎች፤ የደጉ ሳምራዊን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ርኅራኄውን ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ግን ልብ አላልነውም። መጀመሪያ ቀረበ። ቁስሉን በወይንና በዘይት አጠበ፤ ከዚያም አሰረ። በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው። ሌሊቱን ጠበቀው። በማግሥቱ ሲሄድ ዝም ብሎ አልሄደም፤ ለባለ ማረፊያው ገንዘብ ሰጥቶ፣ አደራ ብሎ፣ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እኛ ዛሬ የቁስል እንክብካቤ፣ ማመላለስ፣ ክትትልና ርክክብ የምንላቸው ሥራዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። በልቡ ብቻ ቢያዝንለት ኖሮ ቁስለኛው በመንገድ ላይ ይሞት ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስትገቡ በመጀመሪያ የእጅ መታጠቢያው፣ ሴፍቲ ቦክሱና የእሳት ማጥፊያው የት እንዳሉ እዩ። ቀጥሎ የተመደቡላችሁን ሕሙማን ሙሉ ስም አጥኑ። ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ መጀመሪያው አልጋ ቅረቡ።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ሕሙማንንም ይማር።